ምእመናን የሚበዙት በወሊድ ነው ወይስ በስብከት?

የዚህ ዕትም የጥያቄና መልስ አምድ ለአንድ ጉዳይ ብቻ ተሰጥቷል፤ የልጆች ቁጥር ሲያንስ ወይም ሲበዛ አብያተ ክርስቲያናት ምን ይሆናሉ? ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ስድስቱን መርጠናል።

ጥያቄ፦ በ1987 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን ከአገሪቱ ሕዝብ 50.6 በመቶ ነበሩ። በ1999 ዓ.ም. ወደ 43.5 በመቶ ወረዱ። በስብሰባችን ላይ ይህ በተነሣ ቁጥር ግማሹ «የእኛ ሰው መውለድ ስለቀነሰ ነው» ይላል፤ ሌላው «ልጆቻችን ስለተወሰዱብን ነው» ይላል። የትኛው ነው ትክክል?
የሰበካ ጉባኤ አባል፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ በቅድሚያ ድርሻንና ቁጥርን እንለይ። የወረደው ድርሻው ነው እንጂ የምእመናኑ ቁጥር አልቀነሰም። የአገሪቱ ሕዝብ በመጀመሪያው ቆጠራ 53.5 ሚሊዮን፣ በሁለተኛው 73.8 ሚሊዮን ያህል ነበር። መቶኛውን ወደ ሰው ሲመልሱት ኦርቶዶክሱ ከ27 ሚሊዮን ገደማ ወደ 32 ሚሊዮን አድጓል። ሙስሊሙ ከ17.5 ወደ 25 ሚሊዮን፣ ፕሮቴስታንቱ ደግሞ ከ5.5 ወደ 13.7 ሚሊዮን ከፍ ብሏል።

በሁለቱ ቆጠራዎች መካከል ያለው ጊዜ 12 ዓመት ከመንፈቅ ያህል ነው። በዓመት ሲሰላ አገሪቱ 2.6 በመቶ ስታድግ ኦርቶዶክሱ በ1.4፣ ሙስሊሙ በ2.8፣ ፕሮቴስታንቱ በ7.3 በመቶ አድጓል። ለክርክራችሁ ቁልፉ ይህ የመጨረሻው ቁጥር ነው። የሞተው ከተወለደው ላይ ተቀንሶ በዓመት 3.5 በመቶ የሚያድግ ሕዝብ በዓለም ላይ እጅግ ፈጣን ከሚባሉት ይመደባል። 5.5 ሚሊዮን ሰው በዚያ ፍጥነት ቢዋለድ እንኳ በ1999 የሚደርሰው 8.5 ሚሊዮን ላይ ነው፤ የተቆጠረው ግን 13.7 ሚሊዮን ነው። ከ5 ሚሊዮን የሚበልጠው ልዩነት በወሊድ የመጣ ሊሆን አይችልም። ከሌላ እምነት የመጡ ሰዎችና ከመጡ በኋላ የወለዷቸው ልጆች ናቸው።

ከየት መጡ? በባህላዊ እምነት የተመዘገበው ሕዝብ ድርሻ በዚሁ ጊዜ ከ4.6 ወደ 2.6 በመቶ ወርዷል። አገሪቱ ባደገችበት ፍጥነት ቢያድግ ኖሮ ከሚደርስበት ቁጥር 1.5 ሚሊዮን ያህል ጎድሎታል። ይህ ሁሉ ወደ ፕሮቴስታንት ሄደ ብንል እንኳ ከ3.5 ሚሊዮን የማያንስ ሰው ሌላ ምንጭ ይፈልጋል። ስለዚህ «ተወሰዱብን» የሚለው ወገን መሠረት አለው።

የወሊዱ ወገንም ባዶ እጁን አይደለም። ኦርቶዶክሱ በብዛት የሚኖረው የመዋለድ መጠን ቀድሞ በቀነሰባቸው አካባቢዎችና በከተሞች ነው። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አንዲት ሴት በዕድሜዋ የምትወልዳቸው ልጆች ብዛት በአማካይ በአዲስ አበባ 1.8፣ በአማራ ክልል 3.7፣ በኦሮሚያ 5.4፣ በሶማሌ ክልል 7.2 ነበር። በ1997ቱ ጥናትማ አዲስ አበባ 1.4 ላይ ነበረች፤ በአፍሪካ ከተሞች ዘንድ ብርቅ የሆነ ዝቅታ ነው። በተጨማሪ አንድ ነገር አይዘንጋ፤ በ1999ኙ ቆጠራ በአማራ ክልል ከተገመተው ከ2 ሚሊዮን በላይ ያነሰ ሕዝብ መቆጠሩ በፓርላማ ጭምር ጥያቄ አስነሥቶ ነበር። የክልሉ ሕዝብ ከ5 ሰው 4ቱ በላይ ኦርቶዶክስ ስለሆነ፣ ቆጠራው ላይ ጉድለት ካለ የ43.5 በመቶው ቁጥር ራሱ ከእውነቱ ዝቅ ያለ ነው።

እንግዲህ የፕሮቴስታንቱ ዕድገት በዋናነት የስብከት ውጤት ነው፤ የኦርቶዶክሱ መዘግየት ግን የሁለቱም ድምር ነው። ቆጠራው «ቀድሞ እምነትዎ ምን ነበር?» ብሎ ስላልጠየቀ፣ ከኦርቶዶክሱ መዘግየት ይህን ያህሉ በወሊድ ነው፣ ይህን ያህሉ በመሄድ ነው ብሎ በቁርጥ የሚናገር ሰው ከቆጠራው አላገኘውም።

ጥያቄ፦ በአሜሪካ የቆዩት የፕሮቴስታንት ቤተ እምነቶች የተመናመኑት ትምህርታቸው ስለላላ፣ ወግ አጥባቂዎቹ የበዙት ደግሞ ስለጠበቀ ነው ሲባል እሰማለሁ። እውነት ነው?
ከቨርጂኒያ

መልስ፦ በአብዛኛው አይደለም። ማይክል ሃውት፣ አንድሩ ግሪሊና ሜሊሳ ዋይልድ የተባሉ የሶሲዮሎጂ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ጥናት፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሚዛኑ ከነባሮቹ ቤተ እምነቶች ወደ ወግ አጥባቂዎቹ ካጋደለበት መጠን ሦስት አራተኛው የሚብራራው በወሊድ ነው። የወግ አጥባቂዎቹ እናቶች ብዙ ይወልዱ ነበር፤ ቀደም ብለውም ይወልዱ ነበር። ይህ ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ይረሳል። በ25 ዓመቷ የምትወልድና በ30 ዓመቷ የምትወልድ እናት የልጆቻቸው ቁጥር እኩል ቢሆን እንኳ በ150 ዓመት ውስጥ የመጀመሪያዋ ወገን 6 ትውልድ፣ የሁለተኛዋ 5 ትውልድ ያፈራል። የቀረው ክፍል በከፊል የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው፤ ድሮ ከወግ አጥባቂ ቤት ወጥቶ የተማረና ሀብት ያፈራ ሰው ወደ ነባሮቹ ይሻገር ነበር፤ ያ ልማድ እየቀረ ሄደ።

የወሊድ ትርፍ ግን በብድር እንደተገኘ ገንዘብ ነው፤ ምንጩ ሲነጥፍ የሚታወቀው ቆይቶ ነው። የወግ አጥባቂዎቹም ቤተሰብ ሲያንስ ውጤቱ ተከተለ። የደቡብ ባፕቲስቶች ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2006 16.3 ሚሊዮን አባላት ነበሩት፤ በ2023 ከ13 ሚሊዮን በታች ወርዷል። ትምህርቱ በእነዚህ ዓመታት አልላላም።

የመዘግየቱ ነገር በአቆጣጠር ላይም ይንጸባረቃል። ሕፃን የሚያጠምቁ አብያተ ክርስቲያናት፣ ለምሳሌ ኦርቶዶክስ፣ ካቶሊክና መካነ ኢየሱስ፣ የወሊድ መቀነስን በዚያው ዓመት በመዝገባቸው ያዩታል። አምኖ የመሰከረውን ብቻ የሚያጠምቁት፣ ባፕቲስቶች፣ ቃለ ሕይወትና ሙሉ ወንጌል፣ የዛሬን የወሊድ ቅነሳ በጥምቀት መዝገባቸው የሚያገኙት ከ10 እስከ 20 ዓመት ቆይተው ነው። የሁለቱን ዓይነት አብያተ ክርስቲያናት የአባላት ቁጥር ጎን ለጎን አስቀምጦ ማወዳደር ስለዚህ ያሳስታል።

ለማስላት የሚጠቅም ቀላል መንገድ ይኸውና። አንዲት እናት በአማካይ የምትወልዳቸውን ልጆች አድገው በእምነቱ በሚጸኑት ድርሻ ያባዙ፤ ውጤቱን ከ2.1 ጋር ያነጻጽሩ። 2.1 አንድ ትውልድ ራሱን የሚተካበት መጠን ነው። በሰሜን አሜሪካ ተለይቶ የሚኖር የፕሮቴስታንት ማኅበረሰብ የሆኑት አሚሾች 6 ያህል ልጅ ይወልዳሉ፤ ከ100 ልጆች 85 ያህሉ ይጸናሉ፤ 6 በ0.85 ሲባዛ 5.1 ነው። ከውጭ የሚቀላቀላቸው ሰው እምብዛም ሳይኖር በየ20 ዓመቱ እጥፍ እየሆኑ እ.ኤ.አ. በ2024 400 ሺህ ደርሰዋል። 3 ልጅና 70 በመቶ ጽናት ልክ 2.1 ይሰጣል። በአሜሪካ የዛሬው አማካይ 1.6 ነው፤ ከልጆቹ 60 በመቶው ቢጸኑ ውጤቱ 0.96 ነው፤ ይህም ማለት በአንድ ትውልድ ከግማሽ በታች መውረድ። የመጨረሻውን ጥግ ያሳዩት ሼከሮች የተባሉት የአሜሪካ ክርስቲያን ማኅበር አባላት ናቸው። ጋብቻን ትተው በምንኩስና መሰል ኑሮ ይኖሩ ነበር፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ብዙ ሺህ ነበሩ። ዛሬ በሜን ግዛት በጣት የሚቆጠሩ ብቻ ቀርተዋል።

ጥያቄ፦ በምሠራበት ደብር በዓመት የምንጽፈው የክርስትና ብዛት እየወረደ ነው። ሰው መውለድ ቀንሶ ነው ወይስ ልጁን ክርስትና ማስነሣት ትቶ? ከመዝገቡ ማወቅ ይቻላል?
የደብር ጸሐፊ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ይቻላል፤ መዝገቡ ከሚገመተው በላይ ይናገራል። ያለፉትን 10 ዓመታት የክርስትና መዝገብ ይዘው ይቀመጡ።

መጀመሪያ ልጆቹን በተጠመቁበት ሳይሆን በተወለዱበት ዓመት ይደርድሩ። ወንድ በ40 ቀን፣ ሴት በ80 ቀን ስለሚጠመቁ፣ ከሰኔ አጋማሽ ወዲህ የተወለደች ሴት ክርስትናዋ የሚውለው በሚቀጥለው ዓመት ነው፤ ለወንዱ ይህ የሚሆነው ከሐምሌ መጨረሻ በኋላ ነው። በተጠመቁበት ዓመት ከደረደሩ ወንድና ሴት የተለያየ ዓመት ላይ ይወድቁብዎታል።

ቀጥሎ መዝገቡ ራሱ የሚታመን መሆኑን ይፈትሹ። በተፈጥሮ 100 ሴት ሲወለዱ 105 ያህል ወንድ ይወለዳሉ፤ ከ500 ሕፃናት 256 ያህሉ ወንዶች፣ 244 ያህሉ ሴቶች መሆን አለባቸው። ሴቶቹ ከ220 በታች ከሆኑ የሆነ ነገር እየፈሰሰ ነው። የተለመደው ምክንያት 80 ቀን ረጅም መሆኑ ነው፤ እናቲቱ አራስ ቤቷን ጨርሳ ወደ ራሷ ሰፈር ስትመለስ ልጅቷ እዚያ ትጠመቃለች፤ ወይም ካህኑ ስሟን በብጣሽ ወረቀት ይዞ ወደ መዝገቡ ሳያዛውር ይቀራል። ይህን ሳያርሙ ወደ ፊት አይሂዱ።

ሦስተኛ፣ የቁጥሩ መዋዠቅ በአጋጣሚ ሊሆን እንደሚችል ያስቡ። በዓመት 100 ክርስትና የሚጽፍ ደብር ምንም ሳይለወጥ 80ም 120ም ሊጽፍ ይችላል። አንድን ዓመት ካለፈው ዓመት ጋር አያነጻጽሩ፤ የመጀመሪያዎቹን 5 ዓመታት ድምር ከኋለኞቹ 5 ዓመታት ድምር ጋር ያነጻጽሩ።

አራተኛው ከሁሉም ዋጋ ያለው ነው። ከዛሬ ጀምሮ በመዝገቡ ላይ ሁለት ዓምድ ይጨምሩ፤ አንዱ «ለእናቱ ስንተኛ ልጅ ነው?»፣ ሌላው «ወላጆቹ አሁን የሚኖሩት የት ነው?»። የክርስትና አባትን ወይም እናትን ስም ሲጽፉ አብረው መጠየቅ ነው፤ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። የመጀመሪያ ልጆች ባሉበት ሆነው ሦስተኛና አራተኛ ልጆች ከጠፉ ቤተሰቡ እያነሰ ነው። የመጀመሪያ ልጆች ራሳቸው ከቀነሱ ወጣቱ ጋብቻን አዘግይቷል ወይም ከአካባቢው ወጥቷል። ይህን ለመለየት የጋብቻ መዝገቡን ይመልከቱ፤ ጋብቻው እንደነበረ ሆኖ የመጀመሪያ ልጆች ከጠፉ፣ ሙሽሮቹ በደብሩ ተጋብተው ሌላ ቦታ ይኖራሉ ማለት ሊሆን ይችላል።

በአዲስ አበባ ደግሞ ይህ የመጨረሻው ምክንያት ትልቅ ነው። የመሀል ከተማ ሰፈሮች እየፈረሱ፣ ወጣት ባለትዳሮች ኮንዶሚኒየም ወዳለበት ወደ ጀሞ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ የካ አባዶና ኮዬ ፈጬ ሄደዋል። አሮጌው ደብር አረጋውያን ይቀሩታል፤ ፍትሐቱ ይበዛል፣ ክርስትናው ያንሳል። ዳር ያለው አዲሱ ደብር ሕፃን መቀበያ ቦታ ያጣል። አንዱን ብቻ ያየ ሰው «ሃይማኖቱ ጠፋ»፣ ሌላውን ብቻ ያየ «በረከት ወረደ» ይላል፤ ሕዝቡ ግን ያው ነው፣ ቤት ቀየረ። ለዚህ ነው የአንድን ደብር መዝገብ ይዞ ስለ ሀገረ ስብከት መናገር የማይገባው።

የሰበካ ጉባኤ አባላት ዝርዝርን በዚህ ሥራ ላይ አይደባልቁ። እዚያ የሚመዘገበው ክፍያ የሚከፍለው ሰው ወይም አባወራው ስለሆነ ሕፃናትን አያሳይም፤ የሞተና የሄደም ሰው ስሙ ሳይሰረዝ ዓመታት ይቆያል። የወሊድ ለውጥ ቢኖር እንኳ በዚያ ዝርዝር ላይ የሚታየው ልጁ አድጎ ጎጆ ሲወጣ ነው።

ጥያቄ፦ በምኖርበት በጀርመን አብያተ ክርስቲያናት እየተሸጡ ነው። ጀርመኖች ስለማይወልዱ ነው?
ከፍራንክፈርት

መልስ፦ በከፊል። የፍራይቡርግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት ትንበያ የካቶሊክና የወንጌላዊት አብያተ ክርስቲያናት አባላት በ2060 በግማሽ ይቀንሳሉ። ከቅነሳው ትልቁን ድርሻ የያዘው ግን ሟቹ ከሚወለደው መብለጡ ሳይሆን ልጅን አለማስጠመቅና አባልነትን መተው ነው። እዚያ አባል የሆነ ሰው ከገቢ ግብሩ ላይ እንደየግዛቱ 8 ወይም 9 በመቶ የቤተ ክርስቲያን ግብር ይታሰብበታል፤ መውጣት የፈለገም በመንግሥት ቢሮ ቀርቦ ይፈርማል። ስለዚህ መውጫው በትክክል ይመዘገባል፤ ብዙ ሰው የሚወጣውም ደመወዝ በሚጀምርበት ዕድሜ ነው። የወጡት ሰዎች ልጆች ደግሞ ሳይጠመቁ ያድጋሉ፤ ለሚቀጥለው ትውልድ የተወለደው ልጅ ሁሉ ለቤተ ክርስቲያን አይቆጠርም።

ጥያቄ፦ ምእመናን ብዙ እንዲወልዱ መስበክ አለብን የሚሉ አሉ። ይህን ሞክሮ የተሳካለት ቤተ ክርስቲያን አለ?
ካህን፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ በሰፊው የሚታወቀው ምሳሌ ከኦርቶዶክሱ ዓለም ነው። የጆርጂያው ፓትርያርክ ዳግማዊ ኢልያ፣ በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ለተጋቡ ባልና ሚስት ሦስተኛና ከዚያ በላይ የሆነውን ልጅ እርሳቸው ራሳቸው የክርስትና አባት ሆነው እንደሚያስነሡ አስታወቁ። እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮም በጅምላ የማጥመቅ ሥርዓት በተደጋጋሚ ተከናውኖ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሕፃናትን አነሡ። በ2008 እና በ2009 የአገሪቱ ወሊድ በእርግጥ ጨመረ። ምን ያህሉ በፓትርያርኩ ጥሪ፣ ምን ያህሉ በሌላ ምክንያት እንደሆነ ግን ተመራማሪዎች አልተስማሙበትም፤ ከ2010ዎቹ አጋማሽ ወዲህም ቁጥሩ ተመልሶ ወርዷል። እንዲህ ያለ ጥሪ አስቀድሞ ልጅ ያሰበ ቤተሰብ ቶሎ እንዲወልድ ሊያደርግ ይችላል፤ የቤት ኪራዩንና የትምህርት ቤት ክፍያውን ግን አይከፍልለትም።

የእኛ አስተያየት ግልጽ ነው፤ ትኩረቱ እዚያ ላይ መሆን የለበትም። ቀደም ሲል ያየነውን ስሌት ይመልሱት። በአማካይ 2 ልጅ በሚወለድበት ከተማ ከልጆቹ 60 በመቶው ቢጸኑ 1.2 ይሆናል። ጽናቱን ወደ 75 በመቶ ያሳደገ ደብር 1.5 ያገኛል። ጽናቱ ባለበት ቆሞ 1.5 ለማግኘት ግን እያንዳንዷ እናት በአማካይ 2.5 ልጅ መውለድ ይኖርባታል። በከተማ ያንን የሚያደርግ ስብከት የለም፤ ሸክሙም የሚያርፈው በእናቲቱ አካልና በቤቱ ጓዳ ላይ ነው። 15 በመቶ ተጨማሪ ልጆችን በሰንበት ትምህርት ቤት ማቆየት ግን በደብሩ እጅ ያለ ሥራ ነው፤ መምህር መመደብ፣ የጉባኤውን ሰዓት ከተማሪው የፈተናና የጥናት ሰዓት ጋር ማስማማት፣ የቀረውን ልጅ በሳምንቱ ቤቱ ሄዶ መጠየቅ።

ጥያቄ፦ ቤተ ክርስቲያናችን እሑድ ጢም ብላ ትሞላለች። እኔ ግን እዚህ የተወለዱት ልጆች 18 ዓመት ሲሞላቸው እየጠፉብን ይመስለኛል። ሽማግሌዎቹ «ሰው እየበዛ ምን ያስጨንቅሃል?» ይሉኛል። በማስረጃ እንዴት ላሳያቸው?
የሰንበት ትምህርት ቤት መምህር፣ ከሜሪላንድ

መልስ፦ የተሞላው አዳራሽ ማስረጃ አይሆንም። በዋሽንግተን ዙሪያ በየዓመቱ ከአገር ቤት አዲስ ሰው ይመጣል፤ በአንድ በር 10 ወጣት ሲወጣ በሌላው 15 አዲስ መጤ ቢገባ አዳራሹ ከዓምናው ይበልጥ ይሞላል። የመጪው ቁጥር በቪዛ ሕግ ስለሚወሰን በአንድ ዓመት ሊቆም ይችላል። ያን ጊዜ የሚታየው ከ20 ዓመት በፊት የተጀመረው መፍሰስ ነው።

እንዲህ ያድርጉ። ከ18 እስከ 22 ዓመት በፊት በዚያው ደብር የተጠመቁትን ልጆች ስም ከመዝገብ ያውጡ። ዛሬ በሰንበት ትምህርት ቤት ካሉት ልጆች አይጀምሩ፤ ከቀሩት የጀመረ የሄዱትን አያያቸውም። ወላጆቻቸውንና የክርስትና አባቶቻቸውን እየደወሉ እያንዳንዱን ስም ከአራት በአንዱ ይመድቡ፦ እዚሁ የሚመጣ፣ በሌላ ከተማ ወይም ደብር የሚያስቀድስ፣ የተወ፣ ያልተገኘ።

60 ስም አወጡ እንበል። 24ቱ እዚሁ አሉ፣ 15ቱ ለትምህርትና ለሥራ ሄደው በሌላ ደብር ያስቀድሳሉ፣ 12ቱ ትተዋል፣ 9ኙ አልተገኙም። የጸኑት 39 ናቸው። ያልተገኙትን ከስሌቱ ካወጧቸው 39 ለ51፣ ማለትም 76 በመቶ ነው፤ ሁሉም ትተዋል ብለው ከቆጠሯቸው 39 ለ60፣ ማለትም 65 በመቶ ነው። ለጉባኤው ሁለቱንም ቁጥር ያቅርቡ፤ እውነቱ በመካከላቸው ነው። ሌላ ቦታ የሚያስቀድሱትን «ጠፉ» ብለው አይደምሩ። አስተላላፊ ደብር መሆን ኪሳራ አይደለም፤ ከሽማግሌዎቹ ጋር የሚያጋጨው ስሕተትም ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

ከተዉት 12 ልጆች አጠገብ ለመጨረሻ ጊዜ በቋሚነት የመጡበትን ዕድሜ ይጻፉ። 18 እና 19 ከሆነ ምክንያቱ ከቤት መውጣት ነው፤ መፍትሔውም ልጁ ኮሌጅ ከመግባቱ በፊት በሚሄድበት ከተማ ያለውን ደብር ስልክና የሚቀበለውን ሰው ስም ሰጥቶ መሸኘት ነው። 12 እና 13 ከሆነ ግን ልጁ ቤቱ ሳለ፣ ወላጆቹ እያመጡት፣ ቅዳሴውና ትምህርቱ ሳይገባው ቆይቶ የተወ ነው። በእንግሊዝኛ የሚያስተምር ሰው በ11 ዓመቱ ካላገኘ በ18 ዓመቱ የሚደረግለት መርሐ ግብር አይደርስለትም። የእርስዎ ደብር ቁጥር ከሁለቱ ወደ የትኛው እንደሚያዘነብል ካወቁ፣ ለሚቀጥለው ዓመት በጀት ሲጠይቁ የትኛውን መምህር እንደሚጠይቁ ያውቃሉ።